እትዬ ስንዱና ድምፅ የሌላት እንግዳ

ባለፈው ጥቅምት ደብረ ታቦር በምኖርባት ቤት ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። ሳነሳው ቀስ ያለ የወንድ ድምፅ፣

«ሙሉ፣ ዳኘው ነኝ፤ የደባርቁ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «እታለም አረፈች። ዛሬ ቀበርናት» አለ።

እታለም የሚላቸው ታላቅ እህቱን እትዬ ስንዱን ነው። ደባርቅ ሳስተምር ቤት ያከራዩኝ፣ ካከራዩኝም በኋላ እንደ ልጃቸው የያዙኝ ሴት ናቸው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አለቀስሁ። እንባዬ ሲደርቅ ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ የደወለልኝ ዳኘው ነው። እኔ በመጀመሪያ ያወቅሁት ዳኘው ስልክ በጠራ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ሰው ነበር። ያ ሰው ስልክ አንስቶ የእህቱን መርዶ ለሰው እስከ መናገር መድረሱ የእትዬ ስንዱ ሥራ ነው። እሳቸውን ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚታወሰኝም ከጎንደር አንዲት ጥንቸል ሊያመጡ ሽር ጉድ ያሉበት ክረምት ነው።

እትዬ ስንዱ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ መጀመሪያ ዳባት፣ ኋላ ደባርቅ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ። የከተማው ግማሽ በእጃቸው አልፏል። የሚኒባስ ሾፌሩም፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሳይታወቃቸው የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ የታጠፈ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ መልሰው ያደርጉታል፤ ተማሪዎቻቸው ከአለንጋ ይልቅ ያቺን ጊዜ ይፈሩ እንደነበር ነግረውኛል።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ «አይተሽ ነው ወይስ ገምተሽ?» የሚል። ቤታቸው በገባሁ ሰሞን፣ «ነገ ውኃ አይመጣም» ብላቸው ይህንኑ ጠየቁኝ።

«ገምቼ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ‹ላይመጣ ይችላል› በይ» አሉኝ። ሳቅ የለ፣ ቁጣ የለ። ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ግቢያቸው ፀጥ ያለ ነበር፤ ያልለመደን ሰው የሚያስጨንቅ ፀጥታ። የውጭው በር መቀርቀሪያ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ድስቶቹ የቆርቆሮ ክዳን የላቸውም፤ በሰፌድ ነው የሚከደኑት። ሬዲዮ የለም፣ ውሻ የለም፣ አውራ ዶሮ እንኳ የለም። በገባሁ ዕለት እትዬ ስንዱ፣ «በዚህ ቤት በር አይወረወርም። ስልክሽንም ድምፁን አጥፊው። ምክንያቱን ስትለምጂ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው በሳምንቱ ነገሩኝ።

ዳኘው አናጢ ነበር። ከዛሪማ ወዲያ ባለች ቆላ ከተማ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ የከባድ መሣሪያ ጥይት ከሥራ ቤቱ አጠገብ ወደቀ፤ አብሮት ይሠራ የነበረው ጓደኛው እዚያው ቀረ። ዳኘው በእግሩ ሽቅብ ተጉዞ ደባርቅ እህቱ በር ላይ ደረሰ፤ ሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ድምፅ አይችልም። የወደቀ ብርጭቆ፣ የጮኸ ውሻ፣ የተንኳኳ በር ሲሰማ ጆሮውን ይይዝና አልጋ ሥር ይገባል። መናገሩም ቀስ በቀስ ቀረ። ጠበል ወሰዱት፤ ሐኪም ቤትም ወሰዱት። መድኃኒቱ እንቅልፉን መለሰለት፤ ሌላውን ግን አልመለሰም። ቀን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይቀመጣል። ትልቅ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፣ እንደተቀጣ ተማሪ።

የጥንቸሏን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ ግን አይደለም። ቢንያም የሚባል የኮሌጅ ጓደኛዬ ጎንደር ውስጥ ግዙፍ ዝርያ ያላቸው ጥንቸሎች ያረባ ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን የላከልኝን ፎቶ ለእትዬ ስንዱ አሳየኋቸው።

«ይህ በግ አይደለም?» አሉ።

«ጥንቸል ነው።»

መነጽራቸውን ወለወሉ። ስንት እንደሚመዝን፣ ምን እንደሚበላ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ድምፁስ?» አሉኝ።

«ድምፅ የለውም። አይጮኽም። ሲደነግጥ ብቻ በኋላ እግሩ መሬት ይመታል ይባላል።»

«ሲመታ ምን ያህል ይሰማል?»

አላውቅም ነበር። ግምቴን ለመናገር አፌን ስከፍት ዓይናቸውን አየሁና ዘጋሁት። ምሳችንን ጨረስን። ሰሃኖቹን ሲያነሱ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ፣ «ትንሽ ብትሆን ዳኘው ሲደነግጥ በዚያ እጁ ይጨፈልቃታል። ይህቺ ግን ታቅፎ የሚይዛት ናት» አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጎንደር ወረድን። ቢንያም ግቢውን ሲያስጎበኘን እትዬ ስንዱ በርጩማ ጠይቀው ከጥንቸሎቹ ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡና ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። እንዲያው ሲያዳምጡ አረፈዱ። ቢንያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ምን እየጠበቁ ነው?» አለኝ። ወደ እኩለ ቀን ግድም የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ አንዲቱ እናት ጥንቸል በኋላ እግሯ ጣውላውን መታች። ዷ! እኔ ራሴ ደነገጥሁ። እትዬ ስንዱ ተነሡ።

«ጣውላ ላይ አይሆንም» አሉ። «ሣር ቢነጠፍበትስ?»

ቢንያም እንዲያውም ወለሉ ሣር ቢሆን ለጥንቸሏም እንደሚሻል ነገራቸው። ግዙፎቹ ከባድ ስለሆኑ ሽቦ ወይም ደረቅ ጣውላ ላይ ሲውሉ ውስጥ እግራቸው ይቆስላል። ሌላም ብዙ ነገረን። ብርዱን ትችላለች፤ የማትችለው እርጥበትና ንፋስ ነው። ድርቆሽ ከፊቷ አይለያት፣ ጎመን ግን አታብዙባት። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከዳሌዋ ሥር። የመብራት ገመድ ካገኘች ትቆረጥመዋለች። ቤቷ ደግሞ አሁን ባላት ቁመት አይለካም፤ አድጋ በኋላ እግሯ ብትቆም ጣሪያው የማይነካት መሆን አለበት። እትዬ ስንዱ ሁሉንም ሰምተው አንዲት ግራጫ ግልገል መረጡ። ገና ጡት አልጣለችም፤ እናቷን በደንብ ጠግባ እስክትለይ እንድንጠብቅ ተነገረን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደባርቅ ደረሰ። ጎረቤታችን ወይዘሮ እናኑ አጥር ላይ ተደግፈው፣ «ስንዱ፣ በስተርጅና ርኩስ እንስሳ ቤትሽ ልታስገቢ ነው አሉ። እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው።»

«ልትበሉት?»

«ዳኘው እንዲያያት ነው» አሉ እትዬ ስንዱ፣ ገብተውም ሥራቸውን ቀጠሉ። ነገሩ ግን ከንክኗቸው ኖሮ የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሰንበት ሲመጡ ራሳቸው አነሡላቸው። እኔም እዚያው ነበርሁ።

«አባቴ፣ ጥንቸል ላሳድግ ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል?»

አባ ጢማቸውን አሻሹ። «ትበሉታላችሁ?»

«እግዚኦ! አንበላም።»

«ድመት አለሽ?»

«ነበረችኝ።»

«በልተሻታል?»

እትዬ ስንዱ ሲሥቁ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ አፋቸውን በነጠላ ከድነው። አባም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ዳኘው የተቀመጠበትን ክፍል በዓይናቸው አመለከቱ። «ለእሱ ከሆነ አምጪለት፣ ልጄ። ከጓዳሽ ብቻ አታስገቢያት» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ሄዱ።

ቀጥሎ የቤቷ ሥራ መጣ። አናጢ ይጠራ እንዳይባል መዶሻው ግቢውን ይበጠብጠዋል። ስለዚህ እትዬ ስንዱ ጣውላ፣ ብሎንና ካቻቢቴ ገዝተው ራሳቸው ጀመሩ። ያለ ምስማር፣ ያለ መዶሻ። ዕድሜ ልካቸውን ጠመኔ የያዙ ጣቶች ካቻቢቴ ማዞር አቃታቸው። የመጀመሪያው ማዕዘን ወልገድ አለ፤ ፈትተው እንደገና ሠሩት፤ ባሰበት። ላግዝዎት ብል፣ «አንቺም አትችይም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሥራው የሚሠራው ከዳኘው በር ፊት ለፊት ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል። ሲቆይ ግን ወንበሩ ትንሽ በትንሽ እየዞረ መጣ፤ መጀመሪያ ጎኑን ሰጠን፣ በሌላ ቀን ፊቱን።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ስንዱ የበሩን ማጠፊያ ገልብጠው ሊያስሩ ሲታገሉ ዳኘው ወጣ። አጠገባቸው ቆመና ካቻቢቴውን ከእጃቸው ወሰደ። ያሰሩትን ሁሉ ፈታ፤ አንዱንም አላስቀረ። ጣውላዎቹን መሬት ላይ ደረደረና በስንዝሩ ለካ። እትዬ ስንዱ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

ማጠፊያውን አውቀው ይገለብጡት እንደሆነ በኋላ ጠየቅኋቸው። «አይተሽ ነው ወይስ ገምተሽ?» ብለውኝ አለፉ። እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ቤቱ እያማረ ሄደ። ዳኘው መገጣጠሚያዎቹን እየጠረበ እርስ በርሳቸው አስጎረሳቸው፤ ወለሉን ከፍ አድርጎ ውኃ እንዳይገባው አደረገ። ያልጨረሰው ጣሪያውን ብቻ ነበር። ለሱ እትዬ ስንዱ ቆርቆሮ ገዝተዋል፤ የስሜንን ዝናብ ሌላ ምን ይችለዋል ብለው።

ነሐሴ ላይ በአንዱ ቀን ከምሳ በኋላ በረዶ ወረደ። የደባርቅን በረዶ ያላየ ሰው አይገባውም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚጮኸው እንኳ አይሰማህም። እትዬ ስንዱ የዳኘውን ክፍል ጣሪያ ከውስጥ በጆንያና በጭድ ለብደውታል፤ ያን ዕለት ግን አልበቃውም። ሮጠን ስንገባ አልጋ ሥር ነው። እትዬ ስንዱ እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ተኝተው ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ዘረጉለት። በረዶው እስኪያባራ እጁን ይዘው እዚያው ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ዳኘው ወደ ሥራው አልተመለሰም። ወንበሩም ወደ ግድግዳው ዞረ። እትዬ ስንዱ ጣሪያ የሌለውን ቤት እያዩ በረንዳው ላይ ይቀመጡ ጀመር።

«ተሳስቼ ይሆናል» አሉኝ አንድ ጠዋት። ይህን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም። «የገዛ ራሱን ፍርሃት መሸከም ያቃተው ሰው ላይ የሌላ ነፍስ ልጭንበት። እንደዚያ ቀን ደንግጦ ቢጎዳትስ? እሷ ብትሞት እሱ የሚተርፍ ይመስልሻል?»



«እስቲ ይጠይቁት» አልኋቸው። «ስለ እሱ ሁልጊዜ የምንነጋገረው እርስዎና እኔ ነን።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሡና ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ተማሪ ፊት እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው።

«ዳኘው፣ ከጎንደር ጥንቸል ላመጣ አስቤ ነበር። የምትሠራው ቤት የእሷ ነው። የማትፈልጋት ከሆነ ትቅር። ምንም አልልህም።»

ዳኘው አልዞረም። እትዬ ስንዱ ጥቂት ቆመው ተመለሱ። ለቢንያም ደውዬ ጥንቸሏን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ እንድነግረው አዘዙኝ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ አመነታሁ፤ ነገ እደውላለሁ እያልሁ አሳደርሁት።

በማግስቱ ከተማሪ ምዝገባ ስመለስ ዳኘው ግቢው ውስጥ ነው። ለጥንቸሏ ጣሪያ የተገዛውን ቆርቆሮ አንስቶ አጥር ጥግ አስደግፎታል። የጥንቸሏ ቤት ማዕዘኖች ላይ አጣና እያሰረ ነበር። እትዬ ስንዱ ከማድቤት ወጥተው ቆሙ።

«ምነው ቆርቆሮውን?» አሉት ቀስ ብለው።

ዳኘው እጁን ሳያቆም፣ «ጓሳ ግዢ» አለ።

ጓሳ የተራራው ሣር ነው፤ የገጠር ቤት ይከደንበታል። ድምፁ ከረጅም ጊዜ ዝምታ የወጣ በመሆኑ የሻከረ ነበር።

«ቆርቆሮ አይሆናትም» አለ ቀጥሎ። «ጆሮዋ ትልቅ ነው።»

እትዬ ስንዱ ወደ ማድቤት ተመልሰው ገቡ፤ ተከትያቸው ስገባ ግድግዳ ተደግፈው በዝምታ ያለቅሱ ነበር። ሲያዩኝ በእጃቸው ውጪልኝ አሉኝ፤ ወጣሁ። በገበያ ቀን የታሰረ ጓሳ በአህያ አስጭነው አመጡ። ዳኘውም ጣሪያውን ዝናብ የማያልፈው፣ በረዶ ቢወርድበት ኮሽ የማይል አድርጎ ከደነው።

ከዚያ ደግሞ የጎንደር መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ። ቢንያም በየጊዜው ፎቶ ይልክልን ነበር፤ ግልገሏ ጡት ጣለች፣ አደገች፣ ጆሮዎቿ ረዘሙ። ፎቶውን ለዳኘው የሚያሳዩት እትዬ ስንዱ ናቸው። እሱ በጣቱ ስክሪኑ ላይ ቁመቷን ይለካና ሄዶ የቤቷን በር ትንሽ ያሰፋል። ድርቆሹን በየቀኑ ፀሐይ ላይ ያገላብጣል። ከክፍሉ ግድግዳ የወጣ የመብራት ገመድ አይቶ ሽቅብ አንስቶ አሰረው። የመጠጫ ጎድጓዳ ከእንጨት ጠርቦ፣ እንዳትገለብጠው ከሥሩ አከበደው።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን እትዬ ስንዱና እኔ ሄደን ጥንቸሏን ተረከብን። ዳኘው በሠራው የአየር ቀዳዳ ያለው ሳጥን ውስጥ ሣር አንጥፈን፣ የለመደችውን መኖ በከረጢት ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። እትዬ ስንዱ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ሾፌሩ ሙዚቃ ሲከፍት፣ «ዝቅ አድርገው፣ ልጄ» አሉት፤ የድሮ ተማሪያቸው ነውና ጭራሽ አጠፋው። አጠገባችን የደረስጌ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በቀዳዳው አጮልቀው አዩና፣

«ጥንቸል ናት ይቺ?» አሉ።

«ጥንቸል ናት።»

«አትበላ፣ አትታለብ። ቤትም አትጠብቅ። ምን ትሠራላችኋለች?»

እትዬ ስንዱ አሰብ አደረጉና፣ «ዝም ትላለች» አሉ።

ተሳፋሪው ሣቀ። ሽማግሌው ግን አልሣቁም። እትዬ ስንዱን ዞር ብለው አዩአቸውና፣ «ደግ ነው። እሱም ያስፈልጋል» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ እስክንደርስ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ዳኘው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሳጥኑን ተቀብሎ በሁለት እጁ፣ ሙሉ ውኃ እንደያዘ ሰው፣ ክፍሉ ውስጥ አስገባው። ቢንያም እንደመከረን ክዳኑን ከፍተን ራሷ እስክትወጣ ሦስታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ዳኘው ጎመን በእጁ ይዟል። ከብዙ ቆይታ በኋላ መጀመሪያ ጆሮዋ ብቅ አለ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ። ወጣች። ምንጣፉን አሸተተች፤ የዳኘውን ጉልበት፣ የያዘውን ጎመን አሸተተች። ከዚያ ዞረችና ወደ እትዬ ስንዱ ሄደች። የቀሚሳቸውን ጫፍ ረግጣ የተዘረጋው እግራቸው ላይ ወጣችና ለሽ ብላ ተኛች።

እትዬ ስንዱ ደንግጠው ዳኘውን አዩት። ይህ ሁሉ ድካም ለእሱ ነበርና ያዘነ መሰላቸው። እሱ ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ጥንቸሏን እያየ ነበር።

«እታለም፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አለ በሹክሹክታ። «ደክሟታል።» የራሱን ጋቢ አውልቆ በእህቱ ትከሻ ላይ ደረበላቸው።

እንዲህ ሳለን የውጭው በር በድንጋይ ተደበደበ። የዕድር ጠሪ ነው። የጥንቸሏ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። የዳኘውም እጆች ወደ ጆሮው ሄዱ፤ እትዬ ስንዱ ሊይዙት ክንዳቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ጥንቸሏን አየ። እጆቹ መንገድ ላይ ቆሙ፣ ወረዱ። ግንባሩ በላብ እንደራሰ ብድግ ብሎ ወጣ። የበሩን መቀርቀሪያ ሲከፍት ሰማን፤ ከዚያ ድምፁን፣

«ቀስ ብለህ አንኳኳ፣ ወንድሜ። ቤት ውስጥ የምትፈራ አለች።»

ሰውየው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ስለ ዕድሩ ስብሰባ ሲነግረው፣ ዳኘውም ሰዓቱን ሲጠይቀው ሰማን። ሁለት ወንዶች በር ላይ ቆመው እንደማንኛውም ሰው ያወሩ ነበር። እትዬ ስንዱ አንገታቸውን ወደ በሩ አዘንብለው ያዳምጣሉ። ሰውነታቸው ግን አልተነቃነቀም።

«እግሬ ደነዘዘ» አሉኝ ቆይተው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

«ላንሳልዎት?»

«ተዪያት» አሉ።